አሰልጣኝ ሲቀየር ምን ይቀየራል? ከሌንድል እስከ መሬይ

በ1983 መገባደጃ ላይ ኢቫን ሌንድል በቴኒሱ ዓለም ፍጻሜ የሚደርስና ፍጻሜ የሚሸነፍ ሰው ተብሎ ይታወቅ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኦስትራቫ ከተማ የተወለደው ይህ የቼኮዝሎቫኪያ ተጫዋች በሌሎች ውድድሮች ዋንጫ በዋንጫ ላይ ይደርባል፤ ከአራቱ የግራንድ ስላም ውድድሮች (ሜልቦርን፣ ፓሪስ፣ ዊምብልደንና ኒው ዮርክ) በአንዱ ፍጻሜ ላይ ሲቆም ግን እጁ ይተሳሰራል። በ1981 ፓሪስ ላይ ቢዮን ቦርግ በአምስት ዙር አሸነፈው። በ1982 እና በ1983 ኒው ዮርክ ላይ ጂሚ ኮነርስ አከታትሎ ረታው። ያው ዓመት ሳያልቅ ሜልቦርን ላይ የ19 ዓመቱ ማትስ ቪላንደር አንድ ዙር እንኳ ሳይለቅለት ጣለው። ከሁሉም የ1983ቱ የኒው ዮርክ ፍጻሜ ይከፋል። ሦስተኛውን ዙር ለመውሰድ አንድ ነጥብ ሲቀረው ሁለቱንም ሰርቭ አበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ጌም ሳያገኝ አራተኛውን ዙር 6 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ፎርሃንዱን የማይፈራ ተጋጣሚ አልነበረም፤ ጉልበትም አላነሰውም። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ እንዴት እንደሚሞላ ግን እሱም ቢሆን ገና አላገኘውም ነበር።

በፕሮፌሽናል ቴኒስ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም የተለመደው መድኃኒት አሰልጣኝ መቀየር ነው። በእግር ኳስ አሰልጣኙን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ክለቡ ነው፤ በቴኒስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙን የሚከፍለው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ታዛዡ የአዛዡ ቀጣሪ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ለረጅም ዘመን የጨዋታው ሕግ አሰልጣኝ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ለተጫዋቹ ምክር እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ተቀምጦ ከማየት በቀር በዚያ ሰዓት አንዳች ሥልጣን የሌለው፣ ቀጣሪው በፈለገ ቀን የሚያሰናብተው ሰው ውጤትን እንዴት ይቀይራል? ከሌንድል ጀምሮ ያለውን ታሪክ በቅደም ተከተል ስንከተለው፣ በእኔ እምነት፣ መልሱ እየጠራ ይመጣል። ጥሩ አሰልጣኝ ድፍረትን ከራሱ ቆርሶ ለተጫዋቹ ሊሰጥ አይችልም። የሚችለው ተጫዋቹ ፍርሃት በሚመጣበት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ በልምምድ ሜዳ ላይ አስቀድሞ እንዲወስን፣ ውሳኔውንም ልማድ እስኪሆን እንዲደጋግመው ማድረግ ነው። ይህም ፍሬ የሚያፈራው ተጫዋቹ የሽንፈቱን ምክንያት ከራሱ ውጭ መፈለግ ሲያቆም ብቻ ነው።

ጁን 10 ቀን 1984 ሌንድል በፓሪስ ፍጻሜ ከጆን ማኬንሮ ጋር ተገናኘ። ማኬንሮ ዓመቱ ከገባ ጀምሮ እስከዚያች ቀን አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 ሲወስድ የሌንድል አምስተኛ ሽንፈት የማይቀር መሰለ። ከዚያ በሜዳው ዳር ከተቀመጠ አንድ የካሜራ ባለሙያ የጆሮ ማዳመጫ የሚወጣ ድምፅ ማኬንሮን አስቆጣው፤ ጮኸበት፣ ንዴቱም አብሮት ዋለ። ሌንድል በበኩሉ አልተቻኮለም። ቀስ በቀስ እየገፋ የቀሩትን ሦስት ዙሮች 6 ለ 4፣ 7 ለ 5 እና 7 ለ 5 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ነጥብም ማኬንሮ መረብ ዳር ቆሞ ኳሷን ወደ ውጭ ሲያወጣት ተገኘች። ብዙዎች ይህን ቀን የሌንድል ልብ የተለወጠበት ቀን አድርገው ይተርኩታል። ቀጥሎ የሆነው ግን ይህን አይደግፍም። ከሦስት ወር በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ያው ማኬንሮ በሦስት ተከታታይ ዙር ረታው፤ በ1985 ደግሞ ቪላንደር የፓሪሱን ዋንጫ ነጠቀው። ሰባት ፍጻሜ፣ አንድ ድል። አንድ ታላቅ ድል ሰውን አንዴ ለዘላለም ይቀይራል የሚለው እምነት ደስ የሚል ነው፤ ማስረጃው ግን አይሸከመውም።

እስከዚያ ድረስ ሌንድልን ይመራው የነበረው ፖላንዳዊው የቀድሞ ተጫዋች ቮይቼክ ፊባክ ነበር። በ1985 ሌንድል ወደ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሮች ዞረ። ሮች በ1966 ፓሪስ ላይ ዋንጫ ያነሳ፣ ወሬ የማያበዛ፣ በሥራ ብዛት የሚያምን ሰው ነው፤ ግራኝም ነው። ሌንድልን በፍጻሜ ያሸነፉት ኮነርስና ማኬንሮ ሁለቱም ግራኞች ስለነበሩ፣ ሌንድል በየቀኑ ከግራ እጅ የሚመጣ ኳስ እየመለሰ መዋል ጀመረ። ከአሰልጣኙ ለውጥ ጋር ሌሎች ነገሮችም አብረው ተለወጡ። በኮኔቲከት ግዛት ግሪኒች በሚገኘው ግቢው ውስጥ የአሜሪካ ኦፕንን ሜዳ የሚያነጥፉትን ሠራተኞች አስመጥቶ ያንኑ የመሰለ ሜዳ አስነጠፈ። አመጋገቡን በባለሙያ ምክር አስተካከለ። አሌክሲስ ካስቶሪ ከምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ትኩረትን ስለመሰብሰብ መሥራት ጀመረ። ሴፕቴምበር 1985 ኒው ዮርክ ላይ ማኬንሮን በሦስት ተከታታይ ዙር አሸነፈ፤ የዓለም አንደኛነትንም ያዘና ለ157 ተከታታይ ሳምንታት አልለቀቀም። በ1986 እና በ1987 ፓሪስንም ኒው ዮርክንም ደጋግሞ ወሰደ። እንግዲህ ሮች ያመጣው አዲስ ምት የትኛው ነው? የሌንድል ፎርሃንድ ከሮች በፊትም ያው ነበር። አዲስ የሆነው፣ ኒው ዮርክ ላይ ሊያስፈራው የሚችለው ነገር ሁሉ፣ ሜዳውም የግራ እጁ ሰርቭም፣ ቀድሞ በቤቱ ግቢ የለመደው ነገር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው ማኬንሮ ከ1984 በኋላ ራሱ ወርዷል፣ ሌንድል የነገሠው ባዶ ዙፋን ላይ ነው የሚል ነው። ማኬንሮ ከዚያ ዓመት በኋላ በነጠላ ግራንድ ስላም አለማሸነፉ እውነት ነው። ነገር ግን ዙፋኑ ባዶ አልነበረም። ቪላንደር፣ ቦሪስ ቤከርና ስቴፋን ኤድበርግ በዚያው ዘመን ነበሩ፤ ሌንድልም በእነሱ መካከል ስምንት ግራንድ ስላም አነሳ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ያን ያህል ዝግጅት ዊምብልደን ላይ ለምን አልሠራም? ሌንድል በ1986 እና በ1987 በሣሩ ሜዳ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በ1990 የፈረንሳይ ኦፕንን ሙሉ በሙሉ ትቶ ከሮች ጋር ለሣር ሜዳ ብቻ ተዘጋጀ፤ ለንደን ውስጥ በኩዊንስ ክለብ ማኬንሮንም ቤከርንም አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ ዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን ኤድበርግ በሦስት ዙር አሰናበተው። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ፤ ክርክሬንም ወሰን ያበጅለታል። ሣር ሜዳ የሚያደላለት፣ መረብ ዳር በተፈጥሮ የሚጫወት ሰው ለዓመታት ያካበተውን ጥበብ ጥሩ ዝግጅትና የጸና አእምሮ ሊተኩት አይችሉም። የአእምሮ ሥራ ያለውን ችሎታ ከፍርሃት ያስጥላል፤ የሌለውን አይፈጥርም።

ሌንድል ጨዋታ ያቆመበት የ1994 ዓመት ሲገባ አሜሪካዊው አንድሬ አጋሲ በተራው መንታ መንገድ ላይ ነበር። አጋሲ ከልጅነቱ ጀምሮ በፍሎሪዳ በኒክ ቦሌቲየሪ አካዳሚ ያደገ፣ ኳስን ገና ስትነሳ በመምታት ወደር የሌለው ተጫዋች ነው። ሦስት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎችን ከተሸነፈ በኋላ በ1992 ዊምብልደንን አሸነፈ፤ በ1993 ግን ከቦሌቲየሪ ጋር ተለያየ፣ የእጁን አንጓም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ1994 መጀመሪያ ብራድ ጊልበርትን ያዘ። ጊልበርት በውበት የሚደነቅ አንድም ምት ሳይኖረው፣ የተጋጣሚውን ድክመት እያጠና እስከ ዓለም 4ኛ ደረጃ የወጣ ሰው ነው። ለአጋሲ የነገረው ነገር ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱን ኳስ ፍጹም አድርገህ ለመምታት አትድከም፤ ከመረቡ ማዶ ያለው ሰው የሚጠላውን አግኝና እሱን ስጠው። በዚያው ዓመት አጋሲ ውድድሩ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው 16 ተጫዋቾች ውጭ ሆኖ አሜሪካ ኦፕን ገባ፤ ከእነዚያ ተጫዋቾች አምስቱን አሸንፎ፣ በፍጻሜው ሚካኤል ሽቲክን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በጃንዋሪ 1995 አውስትራሊያን ጨመረ፣ በኤፕሪል የዓለም አንደኛ ሆነ። አሰልጣኝ መቀየር ውጤት ይቀይራል የሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ኖሮ ግን ሐሰት ይሆን ነበር። በ1995 የበጋ ወራት 26 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው አጋሲ፣ በአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ በፒት ሳምፕራስ ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። በኖቬምበር 1997 የዓለም ደረጃው 141ኛ ደረሰ። አሰልጣኙ ያው ጊልበርት ነው። አጋሲ ታዳጊዎችና ስማቸው ያልታወቀ ተጫዋቾች ወደሚወዳደሩባቸው አነስተኛ ውድድሮች ወርዶ፣ ጥቂት ሰው በሚያይበት ሜዳ እንደገና ጀመረ። በ1999 ፓሪስ ላይ በአንድሬ ሜድቬዴቭ ሁለት ዙር ተመርቶ ሦስቱን በማሸነፍ አራቱንም ግራንድ ስላም ያሟላ ሰው ሆነ፤ በመጸው ኒው ዮርክን ደገመ፣ ወደ አንደኛነቱም ተመለሰ። አሰልጣኙ አሁንም ጊልበርት ነው። ከ1 ወደ 141፣ ከ141 ወደ 1 ሲኬድ በአሰልጣኙ ወንበር ላይ የተቀየረ ሰው የለም። ይህን ማስረጃ ከማንኛውም ሌላ በላይ ክብደት እሰጠዋለሁ፤ ምክንያቱም የአሰልጣኙን ድርሻ ከተጫዋቹ ድርሻ ለይቶ ያሳየናል። የጊልበርት ምክር በ1997ም በ1999ም አንድ ዓይነት ጥበብ ነበረው። በመካከሉ የተቀየረው አጋሲ በትንሽ ሜዳ ላይ ለመሸነፍ መፍቀዱ ነው፤ ቀድሞ ኮከብ ለነበረ ሰው ከዚህ የከበደ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ሮጀር ፌዴረር መጣና ጥያቄውን ገለበጠው። ስዊዘርላንዳዊው በወጣትነቱ ራኬት የሚሰብር፣ ሜዳ ላይ የሚያለቅስና የሚጮህ ልጅ ነበር። ያሳደገው አውስትራሊያዊ አሰልጣኝ ፒተር ካርተር በ2002 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። በ2003 በስዊድናዊው ፒተር ሉንድግሬን እየተመራ የመጀመሪያውን ዊምብልደን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ግን ሉንድግሬንን አሰናበተ፣ ማንንም አልተካም። በ2004 ያለ አሰልጣኝ ሦስት ግራንድ ስላም ወሰደ፤ 74 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 6 ብቻ ነው። አሰልጣኝ የሚባል ነገር ሁሉ ለጌጥ ነው የሚል ሰው ይህን ዓመት ቢያነሳ መብቱ ነው። እኔ ግን ፌዴረር አሰልጣኝ አልባ ሆኖ ያሸነፈው አሰልጣኝ ስላላስፈለገው ነው ብዬ አላምንም። አሰልጣኝ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ቀድሞ በውስጡ ስላለቀ ነው፤ ንዴቱን እንዴት እንደሚይዝ፣ መጥፎ ነጥብን እንዴት ትቶ እንደሚሄድ በካርተርና በሉንድግሬን ዘመን ተምሮ ጨርሶታል። ይህን የሚያጠናክረው ቀጥሎ ያደረገው ነው፦ በ2005 ቶኒ ሮችን፣ ያንኑ የሌንድልን ሰው፣ አማካሪ አድርጎ ያዘ። በጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ መካሪ የፈለገ ሰው ምክር ዋጋ የለውም ብሎ ያመነ ሊሆን አይችልም።

ሁሉም ክሮች አንድ ላይ የሚገናኙት በስኮትላንዳዊው አንዲ መሬይ ነው። ከዳንብሌን ከተማ የወጣው፣ በእናቱ በጁዲ መሬይ እጅ ራኬት የያዘው ይህ ልጅ ገና በ19 ዓመቱ፣ በ2006፣ ጊልበርትን አሰልጣኝ አድርጎ አገኘ፤ ክፍያውን የቻለው የብሪታንያ ቴኒስ ማኅበር ነበር። አጋሲን ወደ ላይ ያወጣው አንደበት መሬይን ከዓለም አሥር ምርጦች ተርታ አስገባው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሳይጣጣሙ በ2007 ማብቂያ ተለያዩ። ያው መድኃኒት፣ ሌላ ሕመምተኛ። ማይልስ ማክላጋን ተተካ፤ ከዚያም አሌክስ ኮሬትያ። መሬይ በ2008 ኒው ዮርክ ላይ በፌዴረር፣ በ2010 ሜልቦርን ላይ እንደገና በፌዴረር፣ በ2011 እዚያው ሜልቦርን ላይ በኖቫክ ጆኮቪች ተሸነፈ። ሦስት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫውቶ አንድ ዙር እንኳ አላሸነፈም፤ ዘጠኙም ዙሮች የተጋጣሚ ነበሩ። ብሪታንያ ከፍሬድ ፔሪ የ1936 ድል ወዲህ በወንዶች ነጠላ ግራንድ ስላም አላየችም ነበርና፣ የሰባ አምስት ዓመት ጥማት በአንድ ወጣት ጫንቃ ላይ ተጫነ። መሬይ ሲጨንቀው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ተጋጣሚው እስኪሳሳት ይጠብቃል፤ ቀና ብሎም በተመልካች መካከል ወደተቀመጡት ረዳቶቹ ይጮሃል። ይህ ጩኸት ብዙ ይናገራል፤ ጥፋቱ ከእኔ ውጭ ነው የሚል ስሜት አለበት።

በ2011 የመጨረሻ ቀን መሬይ ሌንድልን መቅጠሩ ተሰማ። የመጀመሪያዎቹን አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች የተሸነፈ ሰው፣ ሦስቱን ለተሸነፈ ሰው ሊመክር መጣ። ሌንድል ተመልካች መካከል ፊቱ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል፤ መሬይ ወደ እሱ ቢጮህ የሚመልስለት አንዳች ነገር የለም። ጩኸቱም ቀስ በቀስ ቀነሰ። በልምምድ ሜዳ ላይ ግን ሥራው ብዙ ነበር፤ ፎርሃንዱን ወደ ፊት ገብቶ እንዲመታ፣ ነጥቡን ከመጠበቅ ይልቅ እንዲወስደው ተደጋግሞ ተሠራበት። በሌንድል በኩል ያቺው የሥነ ልቦና ባለሙያ አሌክሲስ ካስቶሪ ለመሬይም መሥራት ጀመረች። በጁላይ 2012 ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ መሬይ ከፌዴረር ጋር ቆሞ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ፤ በግራንድ ስላም ፍጻሜ ታሪኩ የመጀመሪያዋ ዙር እሷ ናት። ጨዋታውን በአራት ዙር ተሸነፈ፣ በሕዝብ ፊትም አለቀሰ። የተሸነፈው ግን ሲያፈገፍግ ሳይሆን ሲያጠቃ ነው፤ ይህን ልዩነት ውጤት መዝጋቢ አያየውም፣ ተጫዋቹ ግን ያውቀዋል። አራት ሳምንት አልፎ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ያንኑ ፌዴረርን 6 ለ 2፣ 6 ለ 1 እና 6 ለ 4 አሸንፎ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012 ኒው ዮርክ ላይ ከጆኮቪች ጋር ያደረገው ፍጻሜ 4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ፈጀ። መሬይ ሁለት ዙር መራ፤ ጆኮቪች ሁለቱን መለሰ። ከአምስተኛው ዙር በፊት መሬይ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ፣ በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ መስታወት ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ራሱን ተናገረ። አምስተኛውን ዙር 6 ለ 2 አሸነፈ። ሌንድል በዚያች ደቂቃ አጠገቡ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም ምክር እንዲሰጠው አይፈቅድም ነበር። ይሁን እንጂ መሬይ ተመልሶ የተጫወተው ጨዋታ የዚያን ዓመት የልምምድ ሜዳ ጨዋታ ነው፤ ሲፈራ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የ2011ዱ መሬይ አልነበረም። በጁላይ 7 ቀን 2013 ጆኮቪችን በሦስት ዙር አሸንፎ ዊምብልደንን ወሰደ። በመጨረሻው ጌም 40 ለ 0 ከመራ በኋላ ሦስት የማሸነፊያ ነጥቦች ከእጁ አመለጡ፤ ጆኮቪች ጌሙን ሊነጥቅ የሚችልባቸውን ሦስት ዕድሎች አገኘ። መሬይ ሦስቱንም አከሸፈና በአራተኛው የማሸነፊያ ነጥብ ጨረሰ። ብሪታንያዊ ወንድ በዚያ ሜዳ በነጠላ ካሸነፈ ከ77 ዓመት በኋላ።

ቁጥር የሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል፦ ተጫዋቾች አሰልጣኝ የሚቀይሩት ሲወርዱ ነው፤ የወረደ ደግሞ አሰልጣኝ ቢቀይርም ባይቀይርም አንድ ቀን ይነሳል፤ መነሳቱን ለአዲሱ አሰልጣኝ መስጠት ከንቱ ነው። በብዙ ተጫዋቾች ላይ ይህ ክርክር ይሠራል፤ የ1994ቱ አጋሲም ከዚህ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። በመሬይ ላይ ግን አይሠራም። ሌንድልን ሲቀጥር አልወረደም ነበር፤ በ2011 በአራቱም ግራንድ ስላም ቢያንስ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል፣ የዓለም 4ኛም ነበር። የቀረው የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት፤ እሷም ስትደጋገም የኖረች ሽንፈት ናት። ሌላው ተቃውሞ ዕድሜ ነው፤ በ25 ዓመት የትኛውም ተጫዋች ይበስላል ይባላል። ይህን ለመመዘን ቀጥሎ የመጣው ዘመን ይረዳናል።

በሴፕቴምበር 2013 መሬይ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ በማርች 2014 ከሌንድል ጋር ተለያየ። በጁን አሜሊ ሞሬስሞን ቀጠረ። ፈረንሳዊቷ ሞሬስሞ ራሷ ግራንድ ስላም ሳታሸንፍ የዓለም አንደኛ የሆነች፣ ጭንቀት ያሸንፋታል እየተባለች የኖረችና በ2006 አውስትራሊያንም ዊምብልደንንም ወስዳ ወሬውን የዘጋች ናት። ሴት በመሆኗ የደረሰባት ትችት ለማንም ወንድ አሰልጣኝ አልደረሰም፤ መሬይም በአደባባይ ተሟግቶላታል፣ ትክክልም ነበር። ሥራዋ ደግሞ ይመሰክርላታል፤ በ2015 መሬይ በሸክላ ሜዳ የመጀመሪያዎቹን ዋንጫዎች ሙኒክና ማድሪድ ላይ አነሳ፣ ማድሪድ ላይ የረታው ራፋኤል ናዳልን ነው። ነገር ግን በ2015 እና በ2016 ሜልቦርን ፍጻሜ ላይ ጆኮቪች አሸነፈው፤ ከሞሬስሞ ከተለያየ በኋላም በ2016 ፓሪስ ላይ ያው ጆኮቪች ደገመው። በጁን 2016 ሌንድል ተመለሰ። በጁላይ መሬይ ሚሎሽ ራኦኒችን በሦስት ዙር አሸንፎ ሁለተኛውን ዊምብልደን ወሰደ። በዚያ ወቅት ራኦኒችን ከሚያማክሩት አንዱ ጆን ማኬንሮ ነበር፤ ከፓሪሱ ፍጻሜ 32 ዓመት በኋላ ሁለቱ ባላንጣዎች በየራሳቸው ተጫዋች በኩል እንደገና ተገናኙ። በነሐሴው ኦሎምፒክ መሬይ ወርቁን ደገመ፣ በኖቬምበር የዓለም አንደኛ ሆነ፣ ዓመቱንም ለንደን ላይ ጆኮቪችን በማሸነፍ ዘጋ።

መሬይ በሕይወቱ 11 የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫውቷል። ሌንድል በነበረባቸው አምስቱ ሦስቱን አሸነፈ፤ ሌንድል ባልነበረባቸው ስድስቱ አንዱንም አላሸነፈም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከዚህ ሕግ ማውጣት ጅልነት ነው። በ2016ቱ ፍጻሜ ማዶ የቆመው ራኦኒች እንጂ ፌዴረር ወይም ጆኮቪች አለመሆኑም፣ ጆኮቪች ከፓሪስ በኋላ ኃይሉ መላላቱም እውነት ነው። ነገር ግን የዕድሜው ክርክር በ27 እና በ28 ዓመቱ ለምን እንዳላሸነፈ አያስረዳም። የተጋጣሚ ክርክርም ከአምስቱ የሌንድል ፍጻሜዎች አራቱ ከፌዴረርና ከጆኮቪች ጋር እንደነበሩ ሊያስረሳን አይገባም። የአሰልጣኙ ድርሻ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ግን ሦስት ዋንጫን ከዜሮ የሚለየው ያ ትንሽ ነገር ነው።

በ2017 ከወንዶቹ ሜዳ ባሻገር ሌላ ነገር ሆነ። በሴቶች ቴኒስ ማኅበር ውድድሮች አሰልጣኝ በዕረፍት ጊዜ ሜዳ ገብቶ መምከር ይችል ነበር። በማርች 2017 ማያሚ ላይ ሩማንያዊቷ ሲሞና ሃሌፕ ከጆሃና ኮንታ ጋር ስትጫወት አሰልጣኟ ዳረን ካሂል ሜዳ ገባ፤ ተስፋ ቆርጣ አገኛት፣ ራሷን ስታማርርም ሰማት። ጨዋታውን ተሸነፈች፤ ካሂልም ሥራውን አቆመ። አውስትራሊያዊው የቀድሞ የአጋሲ አሰልጣኝ በችሎታዋ አልተከፋም፣ በራሷ ላይ በምታደርገው ነገር እንጂ። ሃሌፕ መሄዱ እንዳስደነገጣት፣ ጠባይዋን ለመለወጥም መሥራት እንደጀመረች በግልጽ ተናግራለች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ውጤቱ ግን ወዲያው አልመጣም። በዚያው ዓመት ፓሪስ ፍጻሜ ላይ አንድ ዙር አሸንፋ በሁለተኛውም 3 ለ 0 እየመራች በዬሌና ኦስታፔንኮ ተሸነፈች፤ በ2018 መጀመሪያ ሜልቦርን ላይ በካሮሊን ቮዝኒያኪ። ሦስተኛ የግራንድ ስላም ፍጻሜ ሽንፈቷ ነበር። በጁን 2018 ፓሪስ ላይ በስሎን ስቲፈንስ አንድ ዙር ተሸንፋ በሁለተኛውም 2 ለ 0 ከተመራች በኋላ ተነስታ 3 ለ 6፣ 6 ለ 4 እና 6 ለ 1 አሸነፈች። በ2019 ካሂል አጠገቧ ሳይኖር በዳንኤል ዶብሬ እየተመራች ዊምብልደን ላይ ሴሬና ዊሊያምስን 6 ለ 2 እና 6 ለ 2 በሆነ ውጤት ረታች። የአሰልጣኝ ትልቁ ሥራ አንዳንዴ መሄድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ሌንድልስ? በኦገስት 2018 ጀርመናዊውን አሌክሳንደር ዝቬሬቭን ያዘ። ዝቬሬቭ በዚያው ኖቬምበር ለንደን ላይ ፌዴረርንና ጆኮቪችን አከታትሎ አሸንፎ የዓመቱን መዝጊያ ውድድር ወሰደ፤ ግራንድ ስላም ግን አልመጣም፣ በጁላይ 2019ም ተለያዩ። ከመሬይ ጋር በ2022 ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኝቶ እስከ 2023 መገባደጃ ሠራ። በዚያን ጊዜ መሬይ ዳሌው ውስጥ ብረት ተተክሎለት የሚጫወት ሰው ነበር፤ ሌንድልም ያው ሌንድል ነው፣ መሬይም ያው ቆራጥ መሬይ ነው፣ የግራንድ ስላም ዋንጫ ግን አልነበረም። የተቀየረው አካሉ ነው። ስለ አእምሮ ስንጽፍ አጥንትና ጅማትን ከዘነጋን፣ ተጫዋቾች በፈቃዳቸው የሚሸነፉ ይመስል ያልሠሩትን ጥፋት እንጭንባቸዋለን፤ ይህም በስፖርት ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚፈጸም በደል ነው።

ከዚያ ሕጉ ራሱ ተቀየረ። የወንዶቹ ማኅበር በ2022 አጋማሽ ላይ አሰልጣኞች ከመቀመጫቸው ሆነው እንዲመክሩ በሙከራ ፈቀደ፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሕግ አጸደቀው። በዚያው ወር፣ በ2024 ጨዋታ ያቆመው መሬይ ሜልቦርን ላይ በአሰልጣኝነት ተቀምጦ ታየ፤ የሚመክረውም ከሰባት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች በአምስቱ ዋንጫ የነሳውን ጆኮቪችን ነበር። ጆኮቪች ሩብ ፍጻሜ ላይ ካርሎስ አልካራዝን አሸነፈ፤ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን ተጎድቶ አቋረጠ። የጸደይ ወራት ውጤት ደካማ ነበር፤ በሜይ 13 መለያየታቸው ታወቀ። ከ11 ቀን በኋላ ጆኮቪች ጄኔቫ ላይ 100ኛ ዋንጫውን አነሳ። ያን ዋንጫ አይቶ መሬይ እንቅፋት ነበር የሚል ሰው፣ ሌንድል በ1984 ፓሪስ ላይ በአንድ ቀን ተለወጠ ካሉት ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። በጥቂት ወራት ውስጥ የተሠራውም ያልተሠራውም ሥራ በአንድ ሳምንት ውድድር አይለካም፤ ሮች ሌንድልን ይዞ እስከ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሠርቷል፣ ጊልበርትም አጋሲን እስከ 141ኛ ወርዶ እስኪመለስ ጠብቋል።